ፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ በስምንት ሳምንት፦ ወስጄ የጨረስኩት ኮርስ

መጀመሪያ ውጤቱን ተናግሬ ልገላገል። ከአምስት ኮከብ ሁለት ተኩል። ተኩሏ ለአስተማሪው ትዕግስት ናት።

ኮርሱ ስለ ፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ ነው፤ ያለን ነገር እየለወጡ ከመሄድ ይልቅ በፋንክሽን፣ ማለትም አንድ ነገር ተቀብሎ ውጤት በሚመልስ የኮድ ቁራጭ፣ ፕሮግራም መሥራት ማለት ነው። የኮርሱን ስም አልጠራም። ጣጣው የእነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጠራው ነበር፤ ግን ከዚህ በፊት ጀምሬ የተውኳቸው ሁለት ኮርሶችም ያው ናቸው፣ አንዱ ከሌላው የገለበጠ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ይህን ግምገማ ስታነቡ «የቱ ነው?» እያላችሁ አትድከሙ። ምናልባት እናንተም የተመዘገባችሁበት ነው።

እኔ ተራ ዴቨሎፐር ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል በዚህ ሥራ እንጀራዬን ስበላ። ፎርም እሠራለሁ፣ ሪፖርት እሠራለሁ፣ ከዳታቤዝ አውጥቼ ስክሪን ላይ አደርጋለሁ፣ ከስክሪን ተቀብዬ ዳታቤዝ ውስጥ እከታለሁ። ስሙን እናሳምረው እንጂ አብዛኞቻችን የምንሠራው ይሄንኑ ነው። የዕለት ቋንቋዬ ጃቫስክሪፕት ነው፣ ጃቫና ፓይተንም ሲያስፈልግ እሞካክራለሁ። ሂሳብ ጠላቴ አልነበረም፣ ወዳጄም አልነበረም።

ታዲያ ምን ሊሠራ ገባ እንዳትሉኝ። ሲከበኝ ነው የገባሁት። ጃቫ በ2014፣ በስምንተኛው ቨርዥን ላይ፣ ላምዳ የሚባል ስም የሌለው ፋንክሽንና ስትሪም የሚባል የሊስት ማስኬጃ ይዞ መጣ። ጃቫስክሪፕት ውስጥ የሊስቱን እያንዳንዱን ነገር የሚቀይረው ማፕና የተፈለገውን ብቻ የሚያስቀረው ፊልተር ከ2009 ጀምሮ አሉ። የዌብ ገጽ መሥሪያው ሪአክት በ2019 ሁክስን፣ ያለ ክላስ በፋንክሽን ብቻ መጻፍ የሚያስችለውን፣ ካወጣ በኋላ ደግሞ ክላስ የሚጽፍ ሰው እንደ ድሮ ሰው ይታይ ጀመር። የምሠራባቸው ነገሮች ሁሉ ቀስ እያሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ እኔ ማፕን «አጭር ፎር ሉፕ»፣ ማለትም አጭር የመደጋገሚያ ትእዛዝ፣ እያልኩ ቁጭ ብያለሁ። ሥሩን ልወቅ አልኩ። ሥሩ ለካ ሩቅ ነው፤ የሂሳብ ሊቁ አሎንዞ ቸርች ላምዳ ካልኩለስን፣ ስሌትን ሁሉ በፋንክሽን የሚገልጸውን የሂሳብ ሥርዓት፣ በ1930ዎቹ ሲያወጣ ዛሬ የምናውቀው ኮምፒውተር ገና አልነበረም፣ ጆን ማካርቲ ሊስፕ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመረውም በ1958 ነው። አዲስ ነገር የለም ማለት ነው። አዲሱ እኔ ነኝ።

ኮርሱ የሚሰጠው በሃስኬል ነው። ሃስኬል ከሪ በሚባል የሎጂክ ሊቅ የተሰየመ ቋንቋ ነው፤ የሰውዬው የመጀመሪያ ስም ለቋንቋው ሲሆን የቤተሰብ ስሙ ደግሞ ከሪንግ ለሚባል፣ ብዙ ነገር በአንዴ የሚቀበልን ፋንክሽን አንድ በአንድ እንዲቀበል ለሚያደርግ ዘዴ ሆኗል። ከአንድ ሰው ስም ምንም አልባከነም። በየሳምንቱ የተቀረጸ ቪዲዮ አለ፣ በማሽን የሚታረም አሳይመንት አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የአንድ ሰዓት የቀጥታ ጥያቄና መልስ አለ።

አሁን ወደ ሳምንት አንድ።

አስተማሪው ኤክስ እኩል ይሆናል አምስት ብሎ ጻፈ። እኔም ጻፍኩ። እሱ ወደ ሌላ ነገር ሲያልፍ እጄ አላርፍ አለና፣ በሕይወቴ ሺህ ጊዜ እንደጻፍኩት፣ ኤክስ እኩል ይሆናል ኤክስ ሲደመር አንድ ብዬ ጨመርኩበት። ዝም አለ። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ጎሽ፣ ገብቶታል ብዬ ኤክስ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። መልስ የለም። ትንሽ ቆየና የላፕቶፔ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ። አሁንም መልስ የለም። ኮንትሮል ሲ ተጭኜ ነው ያስቆምኩት።

ምን እንደሠራሁ የገባኝ ማታ ተኝቼ ሳስበው ነው። እዚያ ቋንቋ ውስጥ እኩል ይሆናል ማለት፣ በቃ፣ እኩል ይሆናል ማለት ነው። «ይህን ሳጥን ክፈትና በውስጡ ያለው ላይ አንድ ጨምር» ያልኩት መስሎኝ ነበር። ለካ ያልኩት «ኤክስ ማለት ከራሱ በአንድ የሚበልጥ ቁጥር ነው» ነው። እሱም እሺ ብሎ ሊፈልግልኝ ሄደ።

ለእኔ ከስምንቱ ሳምንት ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር፤ አሳዛኙ ነገር በኮርሱ ውስጥ የለም። በስህተት ነው ያገኘሁት። ቪዲዮው ላይ «ቫሪያብል አይለወጥም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሪከርሽን፣ ፋንክሽን ራሱን መልሶ ወደሚጠራበት ነገር፣ ነው። ለጀማሪ ይበቃው ይሆናል። ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ግን ከጭንቅላቱ በፊት እጁ ነው የሚያስበው፣ ሊስት ሲያይ ጣቱ «ፎር» ብሎ ጀምሯል። ይህን እጅ ማስተው ሥራ ነው፤ ኮርሱ ደግሞ ይህ ሥራ መኖሩን የሚያውቅ አይመስልም።

የመጀመሪያው አሳይመንት «ከደረሰኞቹ ውስጥ የተከፈሉትን ብቻ ደምር» ይላል። ቀልድ መሰለኝ። በእኔ ቋንቋ ሃያ ሰከንድ ነው። ፎር ሉፕ የለም፣ የሚለወጥ ድምር የለም፣ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሊስቱ ባዶ ከሆነ ዜሮ፤ ካልሆነ የመጀመሪያውን ያዝ፣ የቀረውን ለራስህ መልሰህ ስጠው። ይቺ «ለራስህ መልሰህ ስጠው» የምትለዋ ነገር ናት ያሰቃየችኝ። ፋንክሽኑ ገና ተጽፎ ሳያልቅ እንዴት ይጠራል እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ነገሩ ከባድ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ትናንት ቲም ውስጥ ሰው የሚጠይቀኝ ሰው ሆኜ ዛሬ መደመር አቅቶኝ መቀመጡ ነው ከባዱ። ብዙ ሰው ኮርሱን ጥሎ የሚሄደው እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ ባይገባው ሳይሆን ማፈሩ ሰልችቶት።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ግን አሪፍ ነው፣ ሐቁን ልናገር። ፋንክሽን ንጹሕ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ተብራርቷል። ተመሳሳይ ነገር ከሰጠኸው ሁሌም ተመሳሳይ ነገር ይመልስልሃል፣ በጎን የሚያደርገው ተንኮል የለም። ፎልድ፣ ሊስቱን ሁሉ ወደ አንድ ውጤት የሚሰበስበው ፋንክሽን፣ ላይ ያለው አሳይመንትም ጥሩ ነው፤ ሪከርሽኑን በየጊዜው በእጅ ከመጻፍ አሳረፈኝ። በዚያው ሰሞን ቢሮ ምሳ ሰዓት ላይ አሳይመንቱን ከፍቼ ሳፈጥበት የሂሳብ ክፍል ባልደረባችን ከኋላዬ መጥታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደ ዕውቀት ጀመርኩላት። እዚህ ማንም ማንንም አይለውጥም፣ እያንዳንዱ ነገር ከሌሎቹ ይሰላል፣ ሉፕ የለም አልኳት። ትንሽ አየችውና «ይሄማ ኤክሴል ነው» ብላ ሄደች።

እውነቷን ነው! ኤክሴል ውስጥ የዋጋና የብዛት ብዜት የሆነ ሴል ላይ ፎርሙላ ጽፎ የሚተው ሰው ሉፕ አይጽፍም፣ የጎረቤት ሴል ውስጥ ገብቶም አይነካካም። ዋጋው ሲለወጥ ውጤቱ ይለወጣል፣ አለቀ። ማይክሮሶፍትም በ2020 መጨረሻ ላምዳ የሚባል ፋንክሽን ለኤክሴል ማምጣቱን አስታውቋል፣ የቸርች ላምዳ ማለት ነው፣ ዞሮ ዞሮ እዚያ ደረሰ። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ያልሰጠኝን እሷ በሁለት ቃል ሰጥታኝ ሄደች። ኮርሱን የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ካነበቡ፣ እባካችሁ ሳምንት አንድን በኤክሴል ጀምሩት።

ስለ ስህተት መልእክቶቹ ደግሞ ትንሽ ላማርር። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ አምስት ላይ አንድ ብትደምሩ ጃቫስክሪፕት ሃምሳ አንድ ብሎ ዝም ይላል። ይህ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ሃስኬል ግን ከመነሻው አይቀበልም፣ ደግ አደረገ። ነገር ግን የሚላችሁ ነገር «ለካራክተር ሊስት የነም ኢንስታንስ የለም» ነው። ውሳኔው ትክክል ነው፣ አነጋገሩ የፍርድ ቤት ነው። አንድ ሰው ይህን ሲያነብ «ጽሑፍና ቁጥር ደመርክ» ማለቱ መሆኑን የሚያውቀው አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ ብቻ ነው። አይቻልም እንዳይባል ደግሞ ኤልም አለ፤ ያም ፋንክሽናል ቋንቋ ነው፣ ስም ያወጣው ግን ስህተትን ሰው እንደሚያወራ አድርጎ በመንገሩ ነው።

የባሰው ኮንሶል ሎግ፣ የጃቫስክሪፕት ስክሪን ላይ ማተሚያ፣ ነው። እኔ ኮድ ውስጥ ስጠፋ የምይዘው ባትሪ እሱ ነው። እዚህ ጋ ምን ደረሰ፣ እዚያ ጋ ምን ደረሰ እያልኩ እያተምኩ ነው የምሄደው። ንጹሕ ፋንክሽን መሃል ማተም ግን ክልክል ነው፣ ማተም ራሱ በጎን የሚሠራ ተንኮል ነዋ። ገባኝ፣ ተቀበልኩ፣ በጨለማ ስዳብስ ሁለት ሳምንት አሳለፍኩ። ሰባተኛው ሳምንት ላይ አስተማሪው እንደ ቀልድ «ለማረም ብቻ ትሬስ የሚባል አለላችሁ፣ የትም መሃል ያትማል» አለ። ሰባተኛው ሳምንት! ይህ ነገር በመጀመሪያው ቀን፣ ቋንቋውን ኢንስቶል እንዳደረግን፣ ሊነገረን ይገባ ነበር።

አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት ናቸው ኮከቦቹን የበሉት።

ፈንክተር፣ አፕሊካቲቭ፣ ሞኖይድ፣ ሞናድ። በአስራ አራት ቀን ውስጥ ይህ ሁሉ ስም ይወርድባችኋል። የሞናዱ ቪዲዮ ዘጠና ደቂቃ ነው፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቀስትና ነጥብ ነው፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚሄድ ቀስት፣ ከቀስት ወደ ቀስት የሚሄድ ቀስት። ከዚያ አስተማሪው ፊታችን ባይታየውም ግራ መጋባታችን ተሰማው መሰለኝ ምሳሌ ጀመረ። ሞናድ እንደ ሣጥን ነው። ከዚያ ሣጥን አይደለም፣ እንደ ፋብሪካ መስመር ነው። ከዚያ እሱም በትክክል አይደለም፣ ህጎቹን እንይ። ከድጡ ወደ ማጡ። ቅዳሜ የቀጥታው ሰዓት ላይ አንዱ ተማሪ ድፍረት አግኝቶ «ይህ ግን ለምን ይጠቅመኛል?» ብሎ ሲጠይቅ ረዳቱ «የታይፕ ሲግኔቸሩን አንብበው» አለው፣ ፋንክሽኑ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ የሚገልጸውን መስመር ማለቱ ነው። አይ ወዳጄ፣ ልጁ ማንበብ አቅቶት መሰለህ እንዴ?

ሞናድ የገባኝ ከኮርሱ ውጭ ነው፣ ያውም በምሠራበት ኮድ ላይ። የደንበኞች ሊስት አለኝ እንበል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ትእዛዞቹን አምጣ ብዬ ማፕ ባደርግ የማገኘው የሊስቶች ሊስት ነው፣ ሊስት በሊስት ውስጥ። እኔ የምፈልገው አንድ ወጥ የትእዛዝ ሊስት ነው። ለዚህ ጃቫስክሪፕት ከ2019 ጀምሮ ፍላትማፕ የሚባል ሰጥቶናል፣ ማፕ ያደርግና ይዘረጋዋል። አሁን ሌላ ነገር እዩ። ከሰርቨር ደንበኛውን አምጣ የሚል ፕሮሚስ፣ ማለትም ውጤቱ ቆይቶ የሚመጣ ሥራ፣ አለ፣ እሱ ሲመጣ ደግሞ ትእዛዙን አምጣ የሚል ሌላ ፕሮሚስ አለ። ዜን (then) በሚባለው ማያያዣ ስታያይዟቸው ፕሮሚስ በፕሮሚስ ውስጥ አይሰጣችሁም፣ ዘርግቶ አንድ ያደርገዋል። ሦስተኛ፦ ደንበኛው ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፣ ካለ አድራሻው ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፣ ካለ ስልኩም እንደዚያው። በየደረጃው ነል (ባዶ) ነው ወይ እያላችሁ ኢፍ ስትደረድሩ ኖራችኋል አይደል? ሦስቱም ቅርጻቸው አንድ ነው። ውጤቱ በአንድ ነገር ተጠቅልሎ የሚመጣ ሥራ አለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራም ውጤቱን ጠቅልሎ ነው የሚሰጠው፣ እና ጥቅሉ በጥቅል ላይ ሳይደራረብ ሁለቱን ማያያዝ ይፈለጋል። የዚህ ማያያዣ ስሙ ነው ሞናድ። ጠንቃቃዎቹ ፕሮሚስ ህጉን ሙሉ ለሙሉ አያሟላም ይላሉ፣ ልክም ናቸው፣ ግን ለመግባት በር ከሆነኝ ስለ መቃኑ አልጨቃጨቅም።

ለዓመታት ስጠቀምበት የኖርኩትን ነገር ነው እንግዲህ እንደ ባዕድ ያስተዋወቁኝ። ይህ ነው ያናደደኝ።

በታሪክም ብታዩት ነገሩ የመጣው እንደዚህ አይደለም። ሃስኬል በ1990 ሲወጣ ሞናድ አልነበረበትም። ማንበብና ማተም ንጹሕ ቋንቋ ውስጥ እንዴት ይግባ የሚለው ነገር ሲያስቸግራቸው ነበር፣ የነበሩት መላዎች ለአጠቃቀም አስቸጋሪ ነበሩ። ዩጂኒዮ ሞጂ በ1989 ከሂሳቡ ዓለም ያመጣውን ሐሳብ ፊሊፕ ዋድለር ወደ ፕሮግራም መጻፊያ አወረደው፣ በ1996 በወጣው 1.3 ቨርዥን ላይ ነው የቋንቋው ማንበቢያና ማተሚያ በሞናድ የሆነው። ቋንቋውን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው መጀመሪያ በችግሩ ተንገላቱ፣ ስድስት ዓመት ያለ እሱ ኖሩ፣ ከዚያ መፍትሔውን ሲያገኙ እፎይ አሉ። እኛ ግን ችግሩን ሳናየው፣ በአራተኛው ሳምንት፣ እፎይ በሉ ተባልን።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ኮርሱን ልተወው ነበር። ያስቀረኝ ሥራ ቦታ የመጣ ባግ ነው።

ደንበኛችን ደወለ። የክፍያ ዝርዝሩ በቀን ተደርድሮ ይከፈታል፣ ሌላውን ታብ ከፍቶ ሲመለስ ግን ቅደም ተከተሉ ተለውጦ ያገኘዋል። እኛ ጋ ስንሞክረው አይለወጥም። ሁለተኛውን ታብ ሳንከፍት ነዋ የምንሞክረው። አንድ ቀን ተኩል ዳታቤዙን ስንወቅስ ዋልን፣ ኪዌሪውን ሦስት ጊዜ ጻፍነው። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ድንገት የኮርሱ ነገር ትዝ አለኝና «ይህን ሊስት በጎን የሚነካው ማን ነው?» ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ተገኘ። ሁለተኛው ታብ ትልልቆቹን አምስት ክፍያዎች ለማሳየት ያንኑ ሊስት ተቀብሎ ሶርት ያደርገዋል። የጃቫስክሪፕት ሶርት ደግሞ አዲስ ሊስት ሠርቶ አይሰጥም፣ የሰጡትን ራሱን ነው የሚያገለባብጠው። ፋንክሽኑን ማን ጻፈው ብዬ ታሪኩን ከፈትኩ። እኔ ነኝ፣ ከሦስት ዓመት በፊት።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፣ መጀመሪያ ቅጂ አውጥቶ ቅጂውን መደርደር። ከ2023 ወዲህማ ቱሶርትድ የሚባል መጥቷል፣ የሰጡትን ሳይነካ አዲስ ተደርድሮ የሚመልስ። በዚያን ዕለት «አይለወጥም» የሚለው ነገር አጥንቴ ውስጥ ገባ። እውነቱን ለመናገር ግን ኮርሱ ባይኖር ያንን ጥያቄ አልጠይቅም ነበር፣ እስካሁንም ዳታቤዙን እየወቀስኩ በነበርኩ። ሁለቱ ኮከቦች ለዚህ ናቸው።

የቀሩትን ሳምንታት በአጭሩ። ሰባተኛው ስለ ስንፍና ነው፣ ሃስኬል እስኪጠየቅ ድረስ የማይሠራ ቋንቋ መሆኑ፤ ያምራል፣ አሳይመንቱን ግን እስካሁን አልጨረስኩትም። ስምንተኛው ትንሽ ፕሮጀክት ነው፣ ከእኛ የዕለት ሥራ ጋር የሚገናኝ ነገር የለውም፤ ዳታቤዝ የለም፣ ፎርም የለም፣ የመደመርና የማባዛት ስሌት ጽፈህለት ውጤቱን የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ሰርተፍኬቱ መጥቶልኛል፣ የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ማን ይውሰደው? ጊዜ ያለው፣ ሂሳብ የሚወድ፣ መሸማቀቅ የማይፈራ ይውሰደው። እንደ እኔ በቀን ሥራ የተያዘ ሰው ከሆናችሁ ግን በሃስኬል አትጀምሩ። በያዛችሁት ቋንቋ ጀምሩ። ለአንድ ወር ያህል የተሰጣችሁን ነገር የማይነካ ፋንክሽን ብቻ ለመጻፍ ሞክሩ፣ የት የት እንደሚያስቸግራችሁ ታያላችሁ፣ ያኔ ኮርሱ የሚመልሰው ጥያቄ ይዛችሁ ትገባላችሁ። ሌላ ቋንቋ ካማራችሁ ኤሊክሰር ለዌብ ሰው ይቀርባል፣ የሲ ሻርፕ ሰው ከሆናችሁ ኤፍ ሻርፕ በለመዳችሁት ዶትኔት ላይ ይሠራል። ምንም አልተለወጠም ብላችሁ ሌሊት ተነስታችሁ የምታፈጡበት ነገር ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ኮርሱን እንደጨረስኩ ሙድ ውስጥ ገብቼ አንድ የሪፖርት ፋንክሽን እንደገና ጻፍኩት። ፊልተር፣ ማፕ፣ ፍላትማፕ፣ መጨረሻ ላይ በሌላ ሪዲውስ ውስጥ የገባ ሪዲውስ፣ የጃቫስክሪፕቱ ፎልድ ማለት ነው። ሃያ ስምንት መስመር የነበረው ስድስት ሆነ። ደረቴን ነፍቼ ባልደረባ አይቶ እንዲያጸድቀው ፑል ሪኩዌስት ላክሁ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከሪዲውሱ ጎን «ሌሊት ሰርቨር ሲወድቅ ይህን የሚያነበው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» ብሎ ጻፈበት። ትንሽ ተናደድኩ። በሳምንቱ ራሴ ከፈትኩትና እኔም ማንበብ አቃተኝ። ሪዲውሶቹን አውጥቼ ፎር ሉፕ አስገባሁ። ሉፑ የሚነካው ግን እዚያው ውስጥ የተፈጠረውን ሊስት ብቻ ነው፣ ከውጭ የመጣውን አይነካም። ልጁ በዚያው ቀን አጸደቀው።